አንበሳ ሲፈለግ የጠፋው በረሃ

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ምድርና ስለ አራዊቱ አንድ መጽሐፍ ጥራ የተባለ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የጆይ አዳምሰንን «ቦርን ፍሪ» ነው። በ1960 የታተመው ይህ መጽሐፍ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ፊልም ተለውጦ ዓለምን አዳርሷል። እዚህ መጽሐፉንና ፊልሙን የማነሣው ግን የሥነ ጽሑፍ ወይም የሲኒማ ዋጋቸውን ለመመዘን ብቻ አይደለም። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሳምቡሩ፣ ወደ ሜሩ ወይም ወደ አዋሽ የሚወርዱ ቤተሰቦች፣ መጽሐፉን አነበቡትም አላነበቡት፣ በዚያ ምድር ምን ማየት እንዳለባቸውና ምን ሳያዩ ማለፍ እንደሚችሉ የወሰነላቸው ይህ ታሪክና ከእርሱ በኋላ የመጡት መሰሎቹ ናቸው ብዬ ስለማምን ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በሳምቡሩ አንዲት አንበሳ ከግራር ጥላ ሥር ተኝታ ስትገኝ ሾፌሮች በሬዲዮ ይጠራራሉ፤ ብዙም ሳይቆይ አሥር መኪና ይከባታል። ወደዚያ ሲጣደፉ በአቧራ ውስጥ ያለፏቸው ሳላዎች፣ በኋላ እግሮቻቸው ቆመው ቅጠል የሚቀነጥቡት ረጅም አንገት ገረኑጎች፣ ከቁጥቋጦ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙት እንሹዎች አይቆጠሩም። ማምሻውን «ምን አያችሁ?» ተብለው የሚጠየቁ ልጆች መልሳቸው «አንበሳ አየን» ወይም «ምንም አላየንም» ነው። ይህ ሁለተኛው መልስ ነው ይህን ሐተታ ያስጻፈኝ። በእነዚያ ሁሉ ፍጥረታት መካከል አራት ሰዓት ተጉዞ ምንም አላየሁም የሚል ልጅ፣ ዓይኑ ታሞ ሳይሆን ታሪኩ ጠቦበት ነው።

የመጽሐፉ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። በሰሜን ኬንያ የዱር አራዊት ተቆጣጣሪ የነበረው ጆርጅ አዳምሰን በ1956 የተወረወረችበትን አንበሳ ተኩሶ ይገድላል፤ ግልገሎች እንደነበሯት የሚያውቀው ከገደላት በኋላ ነው። ከሦስቱ ግልገሎች ሁለቱ ወደ ሮተርዳም መካነ አራዊት ይላካሉ። ትንሿ ኤልሳ ግን በኢሲዮሎ ከባልና ሚስቱ ጋር ታድጋለች፤ ኋላም ዛሬ የሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው አካባቢ ራሷን ችላ እያደነች እንድትኖር ትለቀቃለች። በ1961 መጀመሪያ በበሽታ ሞታ የተቀበረችውም እዚያው ነው።

ለመጽሐፉ የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። ከሁሉ የላቀው ክፍሉ፣ ያን ጊዜ ሩዶልፍ ይባል ወደነበረው፣ ዛሬ ቱርካና ወደምንለው ሐይቅ የተደረገውን የእግር ጉዞ የሚተርከው ነው። ስንቁ በአህያ ተጭኗል፤ ሰዎቹም አንበሳዋም በእግራቸው ይሄዳሉ። የጉዞው ሰዓት የሚወሰነው በሰው ፈቃድ ሳይሆን በፀሐይ ነው፤ የሚታረፈው ጥላ በተገኘበት፣ የሚሰፈረው ውኃ ባለበት ነው። በእነዚህ ገጾች ኤልሳ የታሪክ ጀግና መሆኗን ትታ ከመንገደኞቹ አንዷ ትሆናለች። አንባቢም ለመጀመሪያ ጊዜ ምድሩን ያያል፤ ድንጋዩን ይረግጣል፣ የሙቀቱን ክብደት ይሸከማል። አንድ ቤተሰብ በረሃን በእግሩ ሲያቋርጥ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ገጽ በዚያ ዘመን መጻሕፍት ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ችግሩ ጸሐፊዋ ከሐይቁ ስትመለስ ምድሩን እዚያው ትታው መመለሷ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር የኤልሳ መድረክ ይሆናል። ኑሩ ግልገሎቹን ይጠብቃል፤ የአደን ጥበቃ ባልደረባው ማኬዴ መሣሪያውን አንግቶ ከፊት ይሄዳል። ስማቸው ይጠራል፣ ታማኝነታቸው ይመሰገናል። ዱካ ሲያነብቡ ምን እንዳነበቡ፣ ውኃ የት እንዳለ በምን እንዳወቁ፣ የሚያልፉበትን ኮረብታ በቋንቋቸው ማን ብለው እንደሚጠሩት ግን አንባቢ እንዲያውቅ አይደረግም። እውቀታቸው እንደ አህዮቹ ጭነት ነው፤ ጉዞው ያለ እርሱ አይቻልም፣ ተፈትቶ ግን አይታይም።

ይህን ከባድ ወቀሳ የሚያደርገው ጆይ አዳምሰን ማየት የማትችል ሰው አለመሆኗ ነው። ከኤልሳ በፊት በመቶዎች የሚቆጠሩ የኬንያ ዕፀዋትን ቅጠል በቅጠል የሣለች፣ የሀገሩንም ሕዝቦች በየአለባበሳቸው በቀለም ያስቀረች ሠዓሊ ነበረች። ያ ትዕግሥተኛ ዓይን ትንሹንና ዝምተኛውን ነገር ያውቅ ነበር። አንበሳዋ ስትመጣ ግን ዓይኑ ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። የዓለም አንባቢም ጸሐፊዋን ያወቃት በዚህ በሁለተኛው ዓይኗ ነው።

ጄምስ ሂል ያዘጋጀው የ1966ቱ ፊልም ደግሞ መጽሐፉ ያስቀረውን ጥቂት ምድር እንኳ አሳነሰው። ቨርጂኒያ መኬናና ቢል ትራቨርስ፣ በእውነተኛ ሕይወታቸውም ባልና ሚስት የነበሩት፣ አዳምሰኖችን ሆነው ተጫውተዋል። ሙዚቃው ሁለት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ቀረጻው የተካሄደው ግን በሰሜኑ በረሃ ሳይሆን በኬንያ ተራራ ግርጌ በናሮ ሞሩ ነው፤ ተመልካች በረሃ ነው ብሎ የሚያየው ነፋሻማ የደጋ ሣር ነው ማለት ነው። ለእኛ አንባቢዎች የምታስገርም ሌላ ነገርም አለች። የፊልሙ ሠሪዎች አንበሶችን በመስጠት ከረዷቸው መካከል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አመስግነዋል። ስለዚህ «በነፃነት የተወለደች» ተብላ በምትወደሰው አንበሳ ፊልም ውስጥ የቤተ መንግሥት አንበሳ እጅ አለበት። ይህን የምጠቅሰው ለማሾፍ አይደለም፤ ለሲኒማው አንበሳነቱ እንጂ የመጣበት ምድር ጉዳዩ እንዳልነበር ስለሚያሳይ ነው።

ፊልሙ በጎ ፍሬ አላፈራም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ሁለቱ ተዋናዮች በ1984 የጀመሩት፣ ኋላ በፊልሙ ስም የተጠራው ድርጅት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታ አቅራቢያ «እንስሳ ኮቴ» የተባለ ማዕከል መሥርቷል። ከሕገ ወጥ ነጋዴዎችና ከግለሰቦች ግቢ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች እዚያ ይጠለላሉ። ርኅራኄን ያስተማረ ፊልም ነው። ማየትን አላስተማረም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የመጣውና ዛሬ በየቤቱ ያለው የልጆች ፊልም «ላየን ኪንግ» ነው። በ1994 ከመውጣቱ በፊት ሠዓሊዎቹ መልክዓ ምድር ለማጥናት ከሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ በናይቫሻ አቅራቢያ ያለው የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ነበር። እዚህ ላይ ያለው ተቃርኖ ቢተረት የሚያምር ነው። ሄልስ ጌት በኬንያ ቤተሰብ ከመኪና ወርዶ በእግሩና በብስክሌቱ ከሚዘዋወርባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ነው፤ ይህም የሆነው አንበሳ እምብዛም የማይገኝበት ስለሆነ ነው። ለአንበሳው ንጉሥ ገደሉን ያዋሰው ፓርክ፣ ልጅ መሬት ሊረግጥበት የሚችለው ንጉሡ ስለሌለ ነው።

ሄልስ ጌት ሙሉ በረሃ አይደለም፤ ደረቅ የስምጥ ሸለቆ ምድር ነው። ነገር ግን ከናይሮቢ ለሚነሣ ቤተሰብ በደረቅ ምድር የመራመድ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። እግረ መንገዴን አንድ ማሳሰቢያ ላኑር፤ በደረቅ ምድር የሚያስፈራው አንበሳ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ውኃ ነው። በ2012ም በ2019ም በዚያው ፓርክ ጠባብ ገደል ውስጥ የነበሩ ጎብኝዎችን ድንገተኛ ጎርፍ ወስዷል። ሰማዩ ከበላያቸው ጠርቶ ሳለ ዝናብ ከላይ በሩቅ ይጥላልና፣ አስጎብኚው «ውጡ» ሲል ለምን ብሎ መጠየቅ አይገባም። ሌላው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጥላ መግባት፣ ልጅ ጠማኝ እስኪል ሳይጠብቁ ማጠጣት፣ የተሸፈነ ጫማ ማድረግ።

ከመኪና የወረደ ልጅ ምን ያያል? ቁመቱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አዋቂ አድማስ ሲቃኝ ልጅ አፈር ያያል፤ በረሃ ደግሞ የሚጽፈው አፈር ላይ ነው። እንሹን እንውሰድ። ቁመቷ ከአዋቂ ጉልበት እምብዛም የማይበልጥ ይህች ትንሽ እንስሳ ዕድሜዋን ከአንድ ጓደኛ ጋር ትኖራለች። ጥንዶቹ የግዛታቸውን ወሰን የሚያሳዩት ኩሳቸውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ በመከመርና፣ ከዓይናቸው ሥር የሚወጣውን ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ በጭራሮ ጫፍ ላይ በመቀባት ነው። ከመኪና መስኮት ይህ አይታይም። በእግር ሲሄዱ ግን ያቺ የኩስ ክምር ለስድስት ዓመት ልጅ የቤት አጥር ናት፤ «እዚህ ጋ ሰፈራቸው ያበቃል» ይላል፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን ክምር ሊፈልግ ይሮጣል።

ሳላም እንዲሁ ነው። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለው ይህ እንስሳ ውኃ ሳይጠጣ ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። በቀትር የሰውነቱን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲወጣ ይተወዋል እንጂ በላብ ውኃውን አያባክንም። ሌሊት ደግሞ ከአየር እርጥበት የሳቡትን ቅጠሎች ይግጣል። «ለምን አሁን አይበላም?» የሚል ልጅ የጠየቀው ትልቅ የሳይንስ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለማግኘት በቀትር ዝም ብሎ የቆመን እንስሳ ለአሥር ደቂቃ ማየት ይበቃል። አንበሳን ብቻ የሚፈልግ መኪና አሥር ደቂቃ የለውም።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይመጣል፤ ለእኔ ዋናው እርሱ ነው። አማርኛ ለእነዚህ እንስሳት ስም አላጣም። ሳላ አለ፣ እንሹ አለ፣ አምበራይሌ አለ፣ አጋዘን አለ፣ የሜዳ ፍየል አለ፣ ሌሊት ምስጥ እየቆፈረ የሚያድር አዋልዲጌሳ አለ። ይሁን እንጂ በናይሮቢም በአዲስ አበባም ያደጉ ልጆቻችን ቀንድና ቀጭን እግር ያለውን ሁሉ ወይ «ሚዳቋ» ወይ «ጋዜል» ይሉታል፤ ወላጆችም አያርሟቸውም፣ ብዙዎቻችን አንለያቸውምና። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ቢታይም አይቆጠርም። አንበሳ ግን በሳንቲማችን ላይ፣ በአውቶቡሳችን ላይ፣ በተረታችን ውስጥ ሁሉ አለ። ፊልሞቹ ያጠበቡትን ዓይን እኛም ቤታችን ሆነን ያጠበብነው በዚህ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በሆሊዉድ ላይ ማላከክ ፍትሕ አይደለም።

በቀጫጭን መስመሮቹና በሰፋፊ ጆሮዎቹ የሚታወቀውን የሰሜኑን የሜዳ አህያ ስም ታሪክ የሚያውቅስ ስንቱ ነው? በ1882 ምኒልክ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ከእነዚህ እንስሳት አንዱን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ላኩ። ሳይንስም የተላከለትን ሰው ስም ሰጠው፤ እስከ ዛሬ «የግሬቪ የሜዳ አህያ» ይባላል። በዱር የቀሩት ከ3,000 እምብዛም አይበልጡም፤ አብዛኞቹ በሰሜን ኬንያ፣ ጥቂቶቹ በኢትዮጵያ፣ ከእነዚህም የተወሰኑት ከአዋሽ ብዙ በማይርቀው የአላይዴጊ ሜዳ ይኖራሉ። በኬንያ ከ2016 ጀምሮ በተካሄደው ሕዝባዊ ቆጠራ ተራ ሰዎች፣ ቤተሰቦችና ተማሪዎችም ጭምር፣ እየዞሩ የእንስሳቱን የቀኝ ጎን ፎቶግራፍ ያነሣሉ። የአንዱ መስመር ከሌላው መስመር ስለማይመሳሰል፣ ፎቶግራፉ እንደ ጣት አሻራ ሆኖ እያንዳንዱን ይለያል። የ2018ቱ ቆጠራ በኬንያ 2,800 ያህል እንዳሉ አሳይቷል። ልጅ ካሜራ ይዞ «ቀኝ ጎኑን አዙርልኝ» እያለ ሲጠብቅ፣ ማየት ከመዝናናት ወደ ሥራ ይለወጣል። በእኔ ግምት ይህ ቆጠራ አውሬን ስለማየት ከተጻፉት ብዙ ጽሑፎች ይልቅ ማየትን ያስተማረ ነው።

ወደ አዋሽ ስንሻገር ሒሱ ሌላ መልክ ይይዛል። አዋሽ በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የታወጀ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ጎዳና መካከሉን የሚሰነጥቀው ፓርክ ነው። ስለ እርሱ የሚወጡ የጎብኚ ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ቅርጽ የተቀዱ ናቸው፤ ፏፏቴው፣ የፍል ውኃው የዘምባባ ጥላ፣ የፈንታሌ ተራራ፣ ከ450 በላይ የወፍ ዝርያዎች። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን 450 ወፍ የተባለለት ልጅ አንዲትም ወፍ አልተሰጠውም።

ከፓርኩ ሜዳዎች የታወቀው ኢላላ ሳላ ይባላል። «ኢላሉ» በኦሮምኛ መመልከት ነውና፣ እኔ ስሙን የማነበው የሳላ መመልከቻ ብዬ ነው። ፓርክ ከመባሉ በፊት የምድሩ ባለቤቶች ሜዳውን በሚታይበት እንስሳ ጠርተውታል ማለት ነው። ያ ስም ብቻውን ከጎብኚ ጽሑፎቹ ሁሉ የተሻለ መምሪያ ነው። ሆኖም ስሙን ያወጡት ሰዎች በጽሑፎቹ ውስጥ ወይ የሉም ወይ እንደ ችግር ተጠቅሰዋል። ከረዩዎች በ1960ዎቹ በአንድ በኩል ለፓርኩ፣ በሌላ በኩል ለመተሐራ ሸንኮራ እርሻ የግጦሽ መሬታቸውንና የወንዝ ዳር መጠለያቸውን አጥተዋል፤ አፋሮችም ድርሻቸውን። ከብት ወደ ፓርኩ ገባ እየተባለ የሚነሣው ጠብ ከዚያ የተወለደ ነው። ልጅ «እነዚህ ግመሎች ለምን እዚህ ገቡ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሕገ ወጥ ናቸው» የሚለው መልስ ግማሽ ታሪክ ነው። ሌላውን ግማሽ መንገር ለልጅ አይከብደውም፤ እኛን ካልከበደን በቀር።

በአዋሽ የእግር ጉዞ የሚደረገው ከታጠቀ የፓርክ ጠባቂ ጋር ነው። ቤተሰቦች ጠባቂውን እንደ ጠመንጃ ተሸካሚ ብቻ ሲያዩት እታዘባለሁ፤ ከፊት ይሄዳል፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም፣ መጨረሻ ላይ ጉርሻ ይሰጠዋል። የኑሩና የማኬዴ ዕጣ ነው። ከአካባቢው የተወለደ ጠባቂ ሲገኝ ግን «ጋሼ፣ ይህ የማን ዱካ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጉዞውን ትለውጠዋለች። የጅብና የአቦሸማኔ ዱካ በምን እንደሚለይ፣ ከርከሮ ወደ ጉድጓዱ ለምን በኋላው እንደሚገባ፣ የትኛው ዛፍ ለሆድ ቁርጠት እንደሚቀቀል ይወጣል። (ወደ ፈንታሌ ለመውጣት የሚያስቡ፣ ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 በተራራውና በዶፈን ዙሪያ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪዎችን ከቤታቸው ማፈናቀሉን አስታውሰው፣ ከመነሣታቸው በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቁ።)

የዱር አራዊት ጽሑፍ የአካባቢውን ሰው እውቀት ፈትቶ ማሳየት አይችልም የሚል ካለ፣ በ1989 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣውን የሁሴን ኢሳክንና የሐይንሪሽ ኡልሪሽ ራየርን ጥናት ይመልከት። ኢሳክ ራሱ ከሰሜን ኬንያ ቦረናዎች የተገኘ ተመራማሪ ነው። ጉዳዩ ሰውን ወደ ማር የምትመራ አንዲት ወፍ ናት። ቦረናዎች ወፏ እንደምትመራቸው ብቻ ሳይሆን፣ የንቡን ቤት አቅጣጫና ርቀት በአበራረሯና በድምፅዋ እንደምትነግራቸው ይናገሩ ነበር፤ የውጭ ሰው ግን እንደ ተረት ይሰማቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ለዓመታት እየተከተሉ ለኩ። በማያውቁት አካባቢ ያለ ወፏ የንብ ቤት ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት የሚፈጅባቸው ማር ቆራጮች፣ ወፏ ስትመራቸው 3.2 ሰዓት ብቻ ፈጀባቸው። አቅጣጫዋም ርቀቷም ቦረናዎቹ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ያገኘቻቸው የንብ ቤቶች አብዛኞቹ ደግሞ ሰው በእሳትና በመሣሪያ ካልከፈተላት በቀር ወፏ ልትደርስባቸው የማትችል ነበሩ።

ይህ ጥቂት ገጽ ያለው የሳይንስ ጽሑፍ ከ«ቦርን ፍሪ» ጋር አይወዳደርም ይባል ይሆናል፤ አንባቢን አያስለቅስም፣ ዘፈን የለውም። በዚያው ደረቅ ምድር ላይ ግን አውሬና ሰው አብረው የሚሠሩበትን ታሪክ ይዟል፤ ሰዎቹም የአንድ እንስሳ አሳዳጊዎች ሳይሆኑ ምድሩን የሚያነብቡ ናቸው። ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ በአማርኛ ይጻፍ ቢባል እኔ ከዚህ እንዲጀመር እመርጣለሁ። ሲጻፍም ወፏን የሚጠሩበትን ፉጨት መዝለል አይገባም። ቦረናዎች «ፉሊዶ» ይሉታል፤ በተጨበጡ እጆች ወይም በተፈለፈለ የዘምባባ ፍሬ ውስጥ ይነፋል፣ በሩቅም ይሰማል። ወፏ ስትመጣ ሳታርፍ እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ትቀድማለች፤ የንቡ ቤት አጠገብ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ይለወጣል፣ ጥሪዋም እየረዘመ ይቆራረጣል። ተከታዮቿም የት እንደቆመች ለመስማት ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።